የለቅሶ ቤት ሙቀት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድማ «እግዜር ያጥናችሁ» የምትለው በየቤቱ የተሰቀለችው የመብራት ቆጣሪ ናት። ጎረቤት ገና ነጠላውን ሲያዘቀዝቅ፣ ዘመድ ገና የጫማውን አንዱን እግር አልጋ ሥር ሲፈልግ፣ እሷ ከበሩ መቃን በላይ ካለው ቦታዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አጽናንታ ጨርሳለች። ከዚያ ቀጭ ትላለች። ቀጭ ካለች ሦስት ቀን አትቆጥርም፤ አትሰማም፣ አትናገርም። ሰው ሁሉ «እሜቴ» ይላታል። ብርሃን ቢሮ ሲሰቅላት ሌላ ስም ነበራት፤ አሁን ማንም አያስታውሰውም።

የሦስቱ ቀን ነገር እንዲህ ነው የመጣው። የመብራት ዋጋ ሽቅብ መንገዱን የጀመረ ሰሞን ሰው ለቅሶውን በጨለማ መቀመጥ ጀመረ። ለቀስተኛ በር ስቶ ጎረቤት ቤት ይገባና እራቱን እየበላ ያለ ጤነኛ ሰው ላይ ደረቱን ደቅቶ ይወጣ ነበር ይባላል። ጤነኛውም ሰውዬ እንዲያ ሲወደድ አይቶ ስለማያውቅ አብሮ አለቀሰ ይባላል። ሽማግሌዎች ተቆጡ፣ ብርሃን ቢሮም አፈረ፤ የእድር ጥሩምባ የተነፋለት ቤት ሦስት ቀን አይቆጠርበትም ተባለ። ጥሩምባ ነፊው የሟቹን ስም ሲጠራ እሜቴም ስሙን ትይዛለች። አንዴ የያዘችውን አትለቅም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ያው የሰው ብልሃት ነው። ለቅሶ የሚደርስ ሰው በጋቢው ሥር ባትሪ ይዞ መሄድ ለመደ። ነውር ስለሆነ ማንም አያነሳውም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። ሶኬት ያለበት ግድግዳ ሥር መቀመጥ የቅርብ ዘመድ ወግ ነው። ባትሪው እስኪሞላ እንባ አይደርቅም። አንዱማ የልብስ መተኮሻ ደብቆ ገብቶ «ጓዴን! ጓዴን!» እያለ የሰርግ ሱሪውን ተኩሶ ወጥቷል፤ እጥፋቱ እስከ ዓመቱ አልጠፋም ነበር።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይፈርድም። አንዲት ሴትዮ ባሏ ትኩሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥ ሐኪም ቤት አልወስደውም ብላለች፤ ክረምቱ እስኪወጣ አልጋው እንዳይቀዘቅዝባት። ከገበያው ዝቅ ብሎ ደግሞ ድመት የሚያከራይ ሰው ነበር። ወፍራሟ ድመት ተከራይ በዝቶባት ሰልፍ ነበረባት።

ጋሽ ያብስራ ድመት የመከራየት አቅም አልነበረውም። ዕድሜውን ሙሉ ብርድ ልብስ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ሲያረጅ ሱቁን ዘግቶ ያልተሸጡትን ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ፌቨን ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ደግሞ «ነጠላ ቤት» ይባላል፤ ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል። ምክንያቱም ተነግሯል፤ አምፖል ለአምስት ሰው የሚያበራውን ያህል ለአንድ ሰው ካበራ፣ ያ አንዱ ሰው አባካኝ ነው። ይህን የሰሙ ብዙዎች ለቆጣሪው ሲሉ ተጋብተዋል። ጋሽ ያብስራ አላገባም። ሌላ ሴት የፌቨን ወንበር ላይ ተቀምጣ ማየት ከብርዱ ባሰበት።

ስለዚህ ኑሮውን አጠፈው። ጠዋት ተነስቶ ሦስት ብርድ ልብስ ይደርባል። ራዲዮኑን ሳይከፍት ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ ዜናውን ይገምታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ከሰዓት ፀሐይቱ በመስኮቱ ስትገባ ወንበሩን እየጎተተ ይከተላታል፤ እሷ ግድግዳ ላይ ስትወጣ እሱ ወለሉ ላይ ይቀራል። ከእሜቴ ጋር እንኳ እንደ ልብ አያወራም። እሷም መልስ ስትሰጥ ትንሽ ትበላለችና፤ «እንደምን አደሩ» ያለችውም ይቆጠራል። ቢሆንም አንዳንድ ቀን ሆድ ሲብሰው «እሜቴ፣ ውጭው እንዴት ነው?» ይላታል። «ይበርዳል ጋሽ ያብስራ» ትለዋለች። ያን ያህል ነው። ለዚያች ወሬ ሲል ምሳውን ቀዝቃዛ ይበላል።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት እሜቴ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ጋሽ ያብስራ፣ ከዛሬ ጀምሮ በነጠላ ቤቶች ላይ ጥቂት ማስተካከያ ተደርጓል። የእርስዎ ቤት በዚህ አያያዙ ከቀጠለ ማሞቂያዋ ትዘጋለች። አንድ አምፖል ይቀርልዎታል።»

«የቷ?»

«የመረጧት።»

ጋሽ ያብስራ አምፖሎቹን አየ። ሁሉም ጠፍተው ነበር። ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሿን ማሞቂያ አየ። ታኅሣሥን ያለ እሷ የወጣ ሽማግሌ በሰፈሩ የለም። ያኔ ነው የፌቨን ለቅሶ ትዝ ያለው። ሦስት ቀን ቤቱ እንዴት ሞልቶ እንደነበር፣ ሰው ለሰው ተጠጋግቶ መስኮቱ በትንፋሽ ላብ እንዴት እንዳላበው፣ እሱም ሚስቱ ሞታ ሳለ ላብ ላብ ብሎት ካፖርቱን ማውለቁ። ያን ጊዜ አፍሮ ነበር። አሁን ግን ናፈቀው።

ሰው መግደል ነበረበት። በሐሳቡ ዘመዶቹን ሲያስስ ዋለ። አክስቶቹ ሞተው አልቀዋል፤ ልጅ የለውም፤ የሚስቱ ወገኖች ደግሞ እሜቴ ከምታዝንላቸው ዘመዶች ዝርዝር ውስጥ የሉም። ሲያስስ ሲያስስ የሚገድለው ሰው አጥቶ አንድ ላይ ቆመ። ታናሽ ወንድሙ ናሆም።

ናሆም አዋሽ ነው የሚኖረው፣ ሙቀት አገር፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ጥሉ የሙቅ ውሃ ነው። ናሆም ወንድሜን ልይ ብሎ ወደ ደጋ ወጥቶ፣ የመንገድ አቧራውን ሊታጠብ ገብቶ፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ እሜቴ «ሙቅ ውሃ እየፈጀ ነው» አለች። ጋሽ ያብስራም ውሃውን ከውጭ ዘጋበት። «ይህ አዋሽ አይደለም!» ብሎም ጮኸ። እንግዶቹ ሳቁ። ናሆም ከነአረፋው ወጣ። ልብሱን ለበሰ፣ ባርኔጣውን አረፋው ላይ ደፋ፣ ጆሮው ላይ ሳሙና እየወረደ አውቶቡስ ተሳፈረ። ረዳቱ እስከ ጫጫ ሲስቅበት ሄደ ይባላል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንዱ ላንዱ አልደወለም።

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ባሮክ ነው፤ አንገተ ረጅም፣ ጥሩምባውን እንደ ልጅ ታቅፎ የሚተኛ ሰው። ጋሽ ያብስራ በሩን አንኳኳ።

«ባሮክ፣ ወንድሜ ሞተ።»

«ወይኔ! ናሆም? መቼ?»

«እዚያው አዋሽ ነው። ቀብረውታል።»

«ማን አረዳህ?»

«ራሴ።» አመለጠችው። «ማለቴ... በስልክ ነው። ብቻዬን ሰማሁት።»

ባሮክ ራሱን ነቀነቀ። «መርዶ ብቻውን የሚሰማ ሰው! ድሮ እኮ አንድ ሰው ለማርዳት አሥር ሰው ማለዳ በር ላይ ይቆም ነበር። ጊዜ ሰውን እንዲህ ያድርገው?» ብሎ ጥሩምባውን አነሳ።

ጥሩምባው ተነፋ። የናሆም ስም በየመንገዱ ተጠራ። ጋሽ ያብስራ ቤቱ ሲደርስ እሜቴ ጠብቃዋለች።

«ጋሽ ያብስራ፣ በወንድምዎ በአቶ ናሆም ሞት እናዝናለን። ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናዎት።»

ቀጭ። ማሞቂያዋ ራሷን ከፈተች። አምፖሎቹ በየተራ ፈኩ። ጋሽ ያብስራ ከመሃል ቆሞ አንድ ብርድ ልብስ ከላዩ ጣለ።

ሰው ጎረፈ። ጋቢው ሁሉ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ነበር። ከሁሉ ፊት የመጣችው ጎረቤቱ እትዬ ሶልያና ናት፤ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ክፉ ያልሆነ ሴት። ሶኬቱ ሥር ዘርፈጥ ብላ «ናሆምን! ናሆምን የመሰለ!» እያለች በቀኝ እጇ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ በግራዋ ገመድ ትሰካለች። ናሆምን አይታው አታውቅም። ለቅሶ ላይ ይህ አይጠየቅም።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አሉት ተቀማጮቹ።

ጋሽ ያብስራ አፉን ከፈተና መጣለት። ናሆም ፍሬን የሌለው መኪና በዘፈን ብቻ እያባበለ ከቁልቁለት ያወረደ ሰው ነው አለ። አዋሽ በረሃ መሃል የታመመ ግመል አግኝቶ መኪናው ላይ ጭኖ ሐኪም ጋ ያደረሰ፣ ግመሉም ከዳነ በኋላ የናሆምን መኪና ድምፅ ሲሰማ ከመንገድ ዳር ቆሞ አንገቱን የሚያጎነብስ። የመኪናውን ክዳን ፀሐይ አግሎለት እንቁላል እየጠበሰ መንገደኛ ያበላ የነበረ። «ለአንድ ሰው ሙቀት ነፍጎ አያውቅም» አለ፤ ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ሲዋሽ የጀመረው እንባ መንገድ ላይ እውነት ሆነበት። የሞላ ባትሪ ቢፕ ሲል እንኳ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

በማግስቱ፣ ወሬው ሞቆ ሳለ፣ አንድ ክስት ያለ ሰው ገብቶ በሩ ሥር ተቀመጠ። የቆላ ስስ ጃኬት ለብሷል፤ ባርኔጣ ደፍቷል። ጋቢ የለውም። እትዬ ሶልያና ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«ሟቹን ታውቀው ነበር?»

«ከልጅነት ጀምሮ።»

«እውነት እንዲህ ደግ ነበር?»

«እኔ እንኳ ይህን ያህል መሆኑን የሰማሁት ዛሬ ነው።»

«ምስኪን!» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባትሪህስ?»

«አልያዝኩም።»

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ታዲያ ለምን መጣህ?»

ሰውዬው ሊመልስ ሲል ሳል ቀደመው። ጋሽ ያብስራ ሳሉን ሰምቶ ዞረ። ናሆም ነበር። ለተቀማጮች እያደለ የያዘው የዳቦ ሌማት እጁ ላይ ዘመመ። ለለቅሶ የዋሸ ቤት መስመሩ ይቆረጣል፣ ባለቤቱም ከእድር ይወጣል፤ በታኅሣሥ ይህ ማለት ምን እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ናሆም አንዲት ቃል ቢተነፍስ አለቀለት። ናሆም ግን ባርኔጣውን በጣቱ ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጎ «እግዜር ያጥናህ» አለው፣ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ለቅሶ አለቀሰ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሰው ገመዱን እየጠቀለለ ወጣ። እትዬ ሶልያና በሩ ላይ ዞራ «በርታ፣ ብቻህን አትሁን» አለች፤ ይህን የሚል ሰው ሁሉ ከዚያ በኋላ እንደሚያደርገው ሄደች። ናሆም ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ናሆሜ» አለ ጋሽ ያብስራ።

«ያብዬ። አንድ የድሮ ጓደኛዬ እዚያ ያለውን ሰው ሊያጽናና ደወለና 'ማን ልበል?' አለኝ። 'ናሆም ነኝ' ስለው ጮኾ ዘጋብኝ። መሞቴን በዚያ ነው ያወቅሁት።»

«ለምን ታዲያ አላጋለጥከኝም?»

ናሆም ደረቱን ነካ ነካ አደረገ። «ሐኪሞቹ ከገና አታልፍም ብለውኛል። አንተ ቀደምካቸው እንጂ ያው ነው። ልሰናበትህ እያልኩ በምን አመካኝቼ ልምጣ ስል ለቅሶ ጠራህልኝ። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ለምን መጣህ አይባልም ብዬ።» ሳቅ አለ። «አንዷ ግን ጠየቀችኝ።»

«ናሆሜ፣ ያን ጊዜ ያ ውሃ...»

«ቆይ። ስንት ሰዓት ነው የምትመለሰው ያቺ ሴትዮ?» አለ ናሆም በሩ መቃን ላይ ወዳለችው እሜቴ እያየ።

ጋሽ ያብስራ ሊመልስለት አልደረሰም። ቀጭ።

«ጋሽ ያብስራ፣ ይበርቱ። መቁጠር ጀምሬያለሁ።» ማሞቂያዋ ጠፋች፤ አምፖሎቹም እንደ ተራቸው ጠፉ። ናሆም አፉን ገጠመ።

እንዲያ ሆነው ተቀመጡ። እሜቴ ያልተመዘገበ ድምፅ ከሰማች ማን ነው ብላ ትጠይቃለች፤ ማን ነው ስትባል ደግሞ የሚመለሰው ስም ሟች ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ለዓመታት ሳይነጋገሩ የኖሩት፣ አሁን ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው ሳይነጋገሩ መኖር ጀመሩ። ጋሽ ያብስራም እንዳይናገር ሆነ፤ ብቻውን ያለ ሰው ምን ያወራል? በዓይን ተግባቡ። ብርድ ልብሶቹን ለሁለት ተከፋፈሉ። ፀሐይቱን ሁለት ወንበር እየጎተቱ ተከተሏት። ዝግ ራዲዮ ፊት ተቀምጠው እያንዳንዱ የየራሱን ዜና ገመተ፤ አንዳንዴ ናሆም በራሱ ዜና ይስቅ ነበር፣ ጋሽ ያብስራም ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይስቅ ነበር፣ ሁለቱም ድምፅ ሳያወጡ።

ችግሩ ሳሉ ነበር። ናሆም ሲያስል ጋሽ ያብስራ ፈጥኖ አብሮት ያስላል። ከቀን ብዛት የወንድሙን ሳል ከራሱ አብልጦ ቻለበት፤ የቱ የማን እንደሆነ እሱም ይምታታበት ጀመር።

«ጋሽ ያብስራ፣ ጉንፋን ነው?» አለች እሜቴ።

«አዎ።»

«ድምፁ ከሁለት ሰው የወጣ ይመስላል።»

«ሳንባዬ ሁለት ነው እሜቴ።»

ናሆም ብርድ ልብሱን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ሲንፈራፈር ዋለ። ያቺ ቀን ከሁሉም ቀን ደህናዋ ነበረች።

ናሆም ከመጣ ጀምሮ ባርኔጣውን አላወለቀም። አንዳንዴ ከሥሩ ጣቱን አስገብቶ ራሱን ያካል። ጋሽ ያብስራ ያያል። ሙቅ ውሃው ጋ ሄዶ ቧንቧው ላይ እጁን ያሳርፋል። ወደ መቃኑ ያያል። ተመልሶ ይቀመጣል። የሁለት ሰው ውሃ ቆጣሪዋ ላይ ሲታይ፣ ማሞቂያዋ ደግሞ ልትዘጋ ጫፍ ላይ ደርሳ... እንዲህ እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ አንድ መላ መጣለት። እሁድ ዋጋ ይቀንሳል። እሁድ እሁድ ከተማው በሙሉ ይታጠባል። ጋሽ ያብስራ ወደ ናሆም ዞረ፤ መጀመሪያ ቧንቧውን አሳየው፣ ከዚያ የራሱን ፀጉር ማሸት አሳየው፣ ከዚያ በሌለ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተሳለመ። እሁድ ማለቱ ነው። ናሆም ገብቶት ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠው። እሺ፣ እሁድ።

ቅዳሜ ከሰዓት ገበጣ ይጫወቱ ነበር። ጋሽ ያብስራ ጠጠሮቹን እየዞረ ጣለና የናሆምን ጉድጓድ በልቶ ቀና አለ። ፀሐይቱ ወደ ግድግዳው መውጣት ጀምራ ነበር። ወንበሩን ሊጎትት አሰበና ተወው፤ ወንድሙ ያሰላሰለ መሰለው። ናሆም ድሮም ሲጫወት ቀርፋፋ ነበር። ጠበቀው። ጠጠሮቹ ናሆም እጅ ውስጥ ናቸው፤ ተራው የእሱ ነበር።

ፀሐይቱ ግድግዳው ላይ ወጥታ ጠፋች።

«ናሆሜ» አለ ጋሽ ያብስራ፣ በድምፅ።

«ጋሽ ያብስራ፣ ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት?»

«ከወንድሜ ጋር።»

«ወንድምዎ አቶ ናሆም ሞተዋል።»

«አዎ» አለ። «ሞቷል።»

ባሮክ ሲንኳኳ የቤቱን በር ከፍቶ የጋሽ ያብስራን ፊት ሲያይ ወደ ጥሩምባው ዞረ። «ማን ሞተብህ ደግሞ?»

«ናሆም።»

ባሮክ እጁ አየር ላይ ቀረ። «ያብስራ፣ ሐዘኑ ጎድቶሃል። ለናሆም እኮ እኔው ነኝ የነፋሁት።»

«ያን ጊዜ አልሞተም ነበር። ዛሬ ነው የሞተው። እቤቴ ተቀምጧል፣ ገበጣው ፊት።»

የባሮክ ፊት ላይ ቁጣ መጣ፣ ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። በመጨረሻ በዝግታ ተናገረ። «ያ ባርኔጣ የደፋው?»

«እሱ።»

«አጠገቡ ተቀምጬ ነበር እኮ። ጥሩምባህ ትልቅ ናት አለኝ።» ባሮክ ተቀመጠ። «አሁን ለሱ ብነፋም እሜቴ አትሰማኝም። ስሙን ይዛዋለች። ይልቅ ስማኝ፤ መንገደኛ ሞተብኝ በል። ስሙን የማላውቀው መንገደኛ፣ መሽቶበት ያሳደርኩት በል። እነፋልሃለሁ። እሜቴም ቀጭ ትላለች፣ ቤትህም ይሞላል፣ ሞቆህ ትቀብረዋለህ። አንተንም የሚነካህ የለም።»

ጋሽ ያብስራ ቤቱን አሰበ። መስኮቱ በትንፋሽ ላብ ሲያልበው፣ እትዬ ሶልያና ሶኬቱ ሥር፣ ማሞቂያዋ ፈክታ። ሰዎች ስሙን ለማያውቁት መንገደኛ ደረታቸውን ሲደቁ፣ ናሆም ከመሃል ተጋድሞ።

«አይ» አለ። «ስም አለው።»

«እወቅበት እንግዲህ። ዛሬ ማንም አይመጣም።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ማለዳ እኔ እመጣለሁ። ተሸካሚ ባገኝ ይዤ፣ ባላገኝ...»

«ቀላል ነው» አለ ጋሽ ያብስራ። «ሁለት ሰው ይበቃዋል።»

ቤቱ ሲመለስ ናሆም እንደተወው ነበር። ጠጠሮቹን ከእጁ አንድ በአንድ አውጥቶ ወደ ጉድጓዳቸው መለሰ። ከዚያ አቀፈው። እንደ ባዶ ጆንያ ቀላል ነበር። መታጠቢያው ውስጥ አጋደመውና ሙቅ ውሃውን እስከ መጨረሻው ከፈተ።

«ጋሽ ያብስራ» አለች እሜቴ፣ «ዛሬ ቅዳሜ ነው። ነገ ዋጋው ይቀንሳል።»

«ዛሬ ነው የሚታጠበው።»

«በቤቱ ያልተመዘገበ ሰው አለ?»

«አለ። ናሆም ይባላል።»

«ለአቶ ናሆም ተለቅሷል። ጉዳዩን ለብርሃን ቢሮ አሳውቃለሁ። መስመርዎ ሰኞ ይቆረጣል።»

«ሰኞ ደህና ነው። እስከዚያ ውሃውን እንዳታቀዘቅዢብኝ።»

ጋሽ ያብስራ እጅጌውን ሰበሰበ። ባርኔጣውን አወለቀለት። ፀጉሩ ሳስቶ ነጭ ሆኗል፤ ባለፈው ሲያየው ጥቁር ነበር። ሳሙናውን እጁ ላይ አሽቶ አረፋ አደረገና ከግንባሩ ጀምሮ ወደ ኋላ፣ ከጆሮው ጀርባ፣ ማጅራቱ ድረስ አሸለት። እንፋሎቱ መታጠቢያውን ሞላው፤ መስታወቱ ላበው። ከላዩ አንዱን ብርድ ልብስ ጣለ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ውጭ በመንገዱ ሰው ያልፋል፤ ማንም አላንኳኳም። ውሃውን በእጁ መዳፍ እየጨለፈ ያፈሳል፣ አረፋው ይወርዳል፣ ጆሮው ውስጥ እንዳይገባ በጣቱ ይከልላል።

«ጋሽ ያብስራ፣ ሙቅ ውሃ እየፈጀ ነው። ልዝጋው?»

«ተይው» አላት። «ሳሙናው ገና አልለቀቀም።»